ለአዲሱ ላፕቶፕሽ ጠባቂ ስትመርጪ

ልጄ፣ እንኳን ደስ አለሽ። አክስትሽ ከአሜሪካ የላከችልሽ ላፕቶፕ በሰላም መድረሱን ሰማሁ። ዩኒቨርሲቲ ለምትገባ ልጅ ከዚህ የተሻለ ስንቅ የለም። «የትኛውን አንቲቫይረስ ልጫንበት?» ብለሽ መጠየቅሽ ደግሞ ከላፕቶፑም በላይ ደስ አሰኘኝ። ብዙ ሰው ይህን የሚጠይቀው ጽሑፉና ፎቶው ከጠፋ በኋላ ነው። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ይሉታል አባቶች። አንቺ ግን ቀድመሽ ጠየቅሽ። እደጊ።

መልሱን አስቀድሜ ልንገርሽ፤ ምክንያቱን ቀስ እያልን እናየዋለን። ለአንቺ የሚበቃው ጠባቂ ላፕቶፑ ውስጥ አብሮ መጥቷል። ማይክሮሶፍት ዲፌንደር ይባላል። የዊንዶውስ አካል ነው። ገንዘብ አይጠይቅሽም፤ ጊዜዬ አለፈ ብሎም አይቆምብሽም። ከአንቺ የሚፈለገው እንደበራ መተው ነው። ሌላ ሰው ሊያጠፋው ሲልም መከልከል ነው። ጭንቀቴ ሁሉ እዚህ ላይ ነው፣ ልጄ። ቫይረሱን ከምፈራው ይልቅ «ለአንድ ደቂቃ አጥፊውና ይጫን» የሚልሽን ሰው እፈራለሁ።

በነጻ የመጣ ነገር ምን ይረባል ትዪኝ ይሆናል። በአንድ ወቅት እንዲያ ቢባል ያስኬድ ነበር። ማይክሮሶፍት እ.ኤ.አ. በ2004 መጨረሻ ጃየንት የሚባል ትንሽ ኩባንያ ገዛና የሰላይ ሶፍትዌር ማጽጃውን የራሱ አደረገ። በ2006 ዲፌንደር ብሎ ሲያወጣው የሚፈልገው ሰላዮችን ብቻ ነበር፤ ቫይረስ አይነካም ነበር። ሙሉ አንቲቫይረስ የሆነው በ2012 ከወጣው ዊንዶውስ 8 ጀምሮ ነው። በመጀመሪያዎቹ ዓመታት ለፈተና ሲቀርብ ከሌሎቹ ኋላ ይቀር ነበር። «ዲፌንደር አይረባም» የሚለው ወሬ የተወለደው ያኔ ነው። ፕሮግራሙ ከዚያ ወዲህ ተለውጧል፤ ወሬው ግን እስከዛሬ ይዞራል። በጀርመን ማግደቡርግ ከተማ ያለው ኤቪ ቴስት አንቲቫይረሶችን እየፈተነ ነጥብ የሚሰጥ ተቋም ነው። ለጥበቃ 6፣ ኮምፒውተሩን ላለማዘግየት 6፣ ለአጠቃቀም 6፣ በድምሩ 18 ነጥብ ይሰጣል። ዲፌንደር በቅርብ ዓመታት ከ18ቱ ሙሉውን ወይም ለሙሉው የቀረበ ውጤት ደጋግሞ አግኝቷል። ሰው «አይረባም» ሲልሽ መቼ እንዳየው ጠይቂው፤ በትሕትና ጠይቂው።

አንቲቫይረስና የሰላይ መከላከያ ለየብቻ ይገዛ እንደሆነም ጠይቀሻል። ድሮ ለየብቻ ነበር። ዛሬ አንዱ ፕሮግራም ሁለቱንም ይሠራል፤ ለየብቻ መፈለግ አያስፈልግሽም። ልዩነቱን ግን እወቂው፤ ምክንያቱም ሁለቱ የሚጎዱሽ በተለያየ መንገድ ነው። ቫይረስ ራሱን እያባዛ ከፋይል ወደ ፋይል፣ ከኮምፒውተር ወደ ኮምፒውተር ይዛመታል፤ ብዙ ጊዜም ያስታውቃል። ሰላይ ሶፍትዌር ዝም ብሎ ይቀመጣል። ኮምፒውተርሽ ይሠራል፣ ፊልምሽ ይታያል፣ ምንም የጎደለ አይመስልሽም። እሱ ግን የምትተይቢውን ይመዘግባል። ብራውዘርሽ ያስቀመጠልሽን የይለፍ ቃል ሁሉ ሰብስቦ ይልካል። ላፕቶፕሽ ላይ ከፍተሽ የተውሽውን ቴሌግራም እንዳለ ሊወስደው ይችላል፤ የወሰደው ሰው የይለፍ ቃል ሳይጠየቅ በአንቺ ስም ይገባል። ከዚያ ለአጎትሽ፣ ለጓደኞችሽ፣ ለቀድሞ አስተማሪሽ «ቸግሮኛል፣ በቴሌብር ትንሽ ላክልኝ» ብሎ ይጽፋል። አንቺን የሚወድ ሰው ይልካል። ጉዳቱ አንቺ ጋ ብቻ አይቆምም፣ ልጄ። የሚወዱሽን ሁሉ ይነካል። ስለዚህ ነው አጥብቄ የምነግርሽ።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ልምጣ። ላፕቶፕ ከውጭ ሲመጣልን አንድ የቆየ ልማድ አለን። ከሳጥኑ እንደወጣ ኮምፒውተር ቤት ይወሰዳል። «ፎርማት አድርጉልኝ፣ የሚያስፈልገውን ሁሉ ጫኑልኝ» ይባላል። የኮምፒውተር ቤቱ ልጅ በአንድ ሰዓት ውስጥ ዊንዶውሱን አጥፍቶ ሌላ ይጭናል፤ ክራክ የተደረገ፣ ማለትም ሳይከፈልበት በማጭበርበር የተከፈተ ኦፊስ፣ ክራክ የተደረገ አንቲቫይረስ፣ ሌላም ሌላም ይጨምርበታል። ትንሽ ገንዘብ ተቀብሎ በፈገግታ ይመልስልሻል። ልጁ ክፉ አይደለም። የተማረው እንደዚያ ነው፣ ደንበኛውም የሚጠይቀው እንደዚያ ነው። ግን ምን እንደወሰደብሽ እይ። አክስትሽ ላፕቶፑን ስትገዛ የዊንዶውሱንም ዋጋ ከፍላለች። ፈቃዱ፣ ላይሰንስ የምንለው፣ በላፕቶፑ ማዘርቦርድ ውስጥ ተቀምጧል። ያንኑ ዓይነት ዊንዶውስ ነገ መልሰሽ ብትጭኚ ራሱ አውቆ ይከፈታል። ኮምፒውተር ቤቱ ግን ብዙ ጊዜ የሚጭነው ሌላውን ዓይነት ነው፤ ፈቃዱ ከዚያ ጋር አይገጥምም። ስለማይገጥም አክቲቬተር የሚባል፣ ዊንዶውሱን ያለ ፈቃድ የሚከፍት ፕሮግራም ያስገባል። አክቲቬተሩ እንዲሠራ ደግሞ ብዙ ጊዜ ዲፌንደር እንዲጠፋ ይደረጋል። የተከፈለበት ነገር ወጣ፤ ከየት እንደመጣ የማይታወቅ ነገር ገባ፤ ጠባቂውም ጠፋ። ሦስቱም በአንድ ሰዓት ውስጥ፣ ገንዘብ ከፍለሽበት።

እባክሽ ይህን አታድርጊ። ሴቲንግስ ክፈቺ፣ ሲስተም ውስጥ ግቢ፣ አክቲቬሽን የሚለውን ተመልከቺ። ዊንዶውሱ በዲጂታል ላይሰንስ መከፈቱን ካየሽ ፎርማት የሚያስደርግ ምክንያት የለሽም። «አዲስ ነው ግን ቀርፋፋ ነው» ካሉሽም ታገሺ። አዲስ ላፕቶፕ በመጀመሪያዎቹ ቀናት አፕዴቱን ሲያወርድ ይዘገያል። ሲጨርስ ይለቀዋል።

ክራክ ለምን እንደምፈራ ደግሞ ልንገርሽ፤ የሥነ ምግባሩን ነገር ለጊዜው ልተወውና ስለ ጉዳቱ ብቻ። ስቶፕ ዲጄቩ የሚባል የፋይል ቆላፊ ዝርያ አለ። ዋና መተላለፊያው ክራክና ሲሪያል ቁጥር ማውጫ ናቸው። ፎቶሾፕ በነጻ አገኘሁ ብሎ ያወረደ ተማሪ ያንን ሲከፍት ፋይሎቹ ሁሉ አንድ በአንድ ይቆለፋሉ፤ ስማቸው መጨረሻ ላይ እንግዳ ፊደል ይለጠፋል። ከዚያ አንድ የጽሑፍ መልእክት ይገኛል፦ 980 ዶላር ክፈል፣ በ72 ሰዓት ውስጥ ከከፈልክ በግማሽ፣ በ490 ዶላር። ይህን ወደ ብር ቀይሪውና የአባትሽን ደመወዝ አስቢ። እ.ኤ.አ. በ2019 ኤምሲሶፍት የተባለ ኩባንያ ለ148 የዚህ ዝርያ ዓይነቶች በነጻ መክፈቻ አውጥቶ ብዙ ሰው ረድቷል። ከዚያ በኋላ የወጡትን አብዛኞቹን ግን መክፈት አልተቻለም። ለእያንዳንዱ ተጎጂ ቁልፉ የተለየ ነው፤ ቁልፉም ያለው በሌባው እጅ ነው። መክፈልም መፍትሔ አይደለም፤ የከፈለ ሁሉ ፋይሉን አያገኝም። ዲፌንደር በርቶ ቢሆን ኖሮ ይህን ዝርያ ብዙ ጊዜ ገና ሲገባ ይይዘው ነበር። ግን ክራኩ ሲጫን የመጀመሪያው መመሪያ ምን ነበር? «አንቲቫይረስህን አጥፋ።» አየሽው አይደል፣ ልጄ? አንድ ፕሮግራም ለመጫን ጠባቂሽን አጥፊ ከተባልሽ ፕሮግራሙን ተይው። ምክንያቱ ምንም ይሁን፣ የምታምኚው ጓደኛሽም ቢልሽ፣ ተይው።

«ታዲያ ወርድ ከሌለ በምን ልጻፍ?» ትያለሽ። ልክ ነሽ፣ ያለ መጻፊያ አይሆንም። ሊብሬ ኦፊስ በነጻ ይገኛል፣ ሕጋዊ ነው፣ የወርድ ፋይልም ይከፍታል። የማይክሮሶፍት አካውንት ካለሽ ወርድን በብራውዘር ያለ ክፍያ መጠቀም ትችያለሽ። ጉግል ዶክስም አለ። ለአማርኛ መጻፊያም ከሰው ፍላሽ ላይ መቅዳት አያስፈልግሽም። ዊንዶውስ ራሱ የአማርኛ ኪቦርድ አለው፤ አልጥምሽ ካለ ኪይማን በነጻ ይወርዳል። ሁልጊዜ ግን ከባለቤቱ ድረ ገጽ አውርጂ። በቴሌግራም ቻናል «ሙሉ ቨርዥን» ተብሎ የተለቀቀውን እለፊው።

ፍላሽ ላይ ትንሽ እንቆይ፤ እኛ አገር ተማሪውን ከሁሉ በላይ የሚያስለቅሰው እሱ ነው። ከዩኒቨርሲቲው በር ፊት ለፊት ያለውን ፎቶ ኮፒ ቤት ታውቂዋለሽ። በቀን የስንቱ ፍላሽ እዚያ ኮምፒውተር ላይ ይሰካል። አንዱ የያዘውን ሁሉም ይዞ ይሄዳል። ተማሪዋ አሳይመንቷን አሳትማ ትመለስና ፍላሹን ላፕቶፗ ላይ ትሰካለች። ፎልደሮቿ አሉ፤ ግን እያንዳንዱ ላይ ትንሽ የቀስት ምልክት ተለጥፎበታል። ሾርትከት ሆነዋል። ቫይረሱ እውነተኞቹን ፎልደሮች ደብቆ በየስማቸው ሾርትከት አስቀምጧል። አንዱን ስትከፍት ፎልደሩ ይከፈትላታል፤ ስለዚህ ምንም አትጠረጥርም። በዚያው ቅጽበት ግን ቫይረሱም አብሮ ተነሥቶ ላፕቶፑ ውስጥ ገብቷል። ድሮ ፍላሽ ገና ሲሰካ ራሱ ይነሣ ነበር። ማይክሮሶፍት ዊንዶውስ 7 ላይ ያንን ዘጋው፤ እ.ኤ.አ. በ2011 ለቆዩትም ዊንዶውሶች መዝጊያውን ላከላቸው። ዛሬ የዚህ ዓይነቱ ቫይረስ የአንቺን ጣት ይፈልጋል። ካልከፈትሽው ባለበት ይቀራል።

ስለዚህ የሰው እጅ የነካው ፍላሽ ሲመለስ ወዲያው አትክፈቺው። በቀኝ ጠቅ አድርጊና በዲፌንደር ስካን የሚለውን ምረጪ። ከዚያ በኋላ ክፈቺ። ጥቂት ደቂቃ ነው የሚወስድብሽ። ሾርትከቱን ካየሽ ደግሞ ደንግጠሽ ፍላሹን ፎርማት አታድርጊ። ብዙ ልጆች እንዲህ አድርገው ሥራቸውን በገዛ እጃቸው አጥፍተዋል። ፋይሎችሽ አብዛኛውን ጊዜ እዚያው ናቸው፤ ተደብቀው ነው። ስካን አድርገሽ ቫይረሱ ከተወገደ በኋላ፣ የተደበቁ ፋይሎችን አሳይ የሚለውን ምርጫ ስትከፍቺ ይወጣሉ። ባይታዩሽ እንኳ የሚያውቅ ሰው በአንድ ትእዛዝ ያወጣቸዋል። ከሁሉ የሚሻለው ግን ለኅትመት ፍላሽ አለመውሰድ ነው። ጽሑፍሽን ፒዲኤፍ አድርገሽ ለፎቶ ኮፒ ቤቱ በቴሌግራም ላኪለት። ብዙዎቹ አሁን በዚህ ለምደዋል። ፍላሽ ግድ ከሆነም ለዚያ ብቻ የሚሆን አንድ ርካሽ ፍላሽ ያዢ፤ ከሚታተመው ፋይል በቀር ምንም አታስቀምጪበት።

ሌላው የምሰጋልሽ «አፕዴት አድርጊ» ብሎ የሚመጣ ማታለያ ነው። ይህ ተራ የሌባ ሥራ ብቻ እንዳይመስልሽ። በካናዳ ቶሮንቶ ዩኒቨርሲቲ ያለው ሲቲዝን ላብ እ.ኤ.አ. በዲሴምበር 2017 ባወጣው ዘገባ፣ በውጭ አገር የሚኖሩ ኢትዮጵያውያንን ዒላማ ያደረገ ስለላ እንዴት ይካሄድ እንደነበር ጽፏል። በኢሜይል ሊንክ ይላክላቸዋል። ሊንኩ ቪዲዮ ያለበት ወደሚመስል ገጽ ይወስዳል። ቪዲዮውን ለማየት ፍላሽ ፕሌየር የሚባለውን የቪዲዮ ማጫወቻህን አፕዴት አድርግ ይላል። ያንን የጫነ ሰው በንግድ የሚሸጥ ሰላይ ሶፍትዌር ተቀበለ ማለት ነው። ከተላከላቸው መካከል የመገናኛ ብዙኃን ኃላፊ፣ የሕግ ባለሙያና የዶክትሬት ተማሪም ነበሩ። የተማሩ ሰዎች ናቸው፣ ልጄ። ሞኞች አልነበሩም። የተላከላቸው ነገር ከሚያውቁት ጉዳይ ጋር የሚገናኝ ስለሆነ ልብ የሚስብ ነበር። አንቺ ላይ እንዲህ ያለ ነገር ይመጣል ብዬ ላስፈራራሽ አይደለም። መንገዱን ግን እወቂው፤ ተራ ሌባም የሚሄደው በዚሁ መንገድ ነው። ፍላሽ ፕሌየር እ.ኤ.አ. በ2020 መጨረሻ አገልግሎቱ አብቅቷል። ዛሬ «ፍላሽ ፕሌየር ጫኚ» የሚልሽ ገጽ ሁሉ ውሸታም ነው። «ኮምፒውተርሽ 5 ቫይረስ ተገኝቶበታል፣ እዚህ ተጫኚ» እያለ በቀይ ጽሑፍ የሚጮህ ማስታወቂያም እንዲሁ። ብራውዘር ውስጥ ያለ ገጽ የላፕቶፕሽን ሆድ መርምሮ ቫይረስ ሊቆጥር አይችልም። ዝጊው። አልዘጋ ካለሽ ብራውዘሩን በሙሉ ዝጊው።

አክስትሽ «ላፕቶፑ ላይ የአንድ ወር አንቲቫይረስ አለው» ብላሽ ይሆናል። አዎ፣ ከአሜሪካ የሚመጡ ብዙ ላፕቶፖች የማክአፊ ወይም የኖርተን አንቲቫይረስ ለሙከራ ተጭኖባቸው ነው የሚመጡት። እሱ እየሠራ እስከሆነ ድረስ ዲፌንደር ቦታውን ለቆለት ይተኛል። ወሩ ሲያልቅ «ክፈዪ» እያለ ይነዘንዝሻል። ዶላር የሚከፍል ካርድ ከሌለሽ እዚያው ተንጠልጥሎ ይቀራል፤ አፕዴት አያገኝም፣ አይጠብቅሽም፣ ስሙ ግን አለ። ይህ አደጋ ነው፤ ተጠብቄያለሁ ብለሽ ትዘናጊያለሽና። ልትከፍዪበት ካላሰብሽ ዛሬውኑ አንሺው፣ ላፕቶፑን አጥፍተሽ አብሪው፣ ዲፌንደር መነሣቱን ተመልከቺ። ሁለት አንቲቫይረስ ጎን ለጎን ላስቀምጥም አትበዪ። እርስ በርስ ይጠራጠራሉ፣ ላፕቶፑንም ያደክሙታል።

ተጨማሪ መግዛት የሚያዋጣው ማን ነው ካልሽኝ፣ ቢሮ ያለው፣ የብዙ ሰው መረጃ የሚይዝ፣ ብዙ ኮምፒውተር የሚያስተዳድር ሰው ነው። አንቺ ገና ነሽ። ስትደርሺ ግን አንድ ነገር አስቢ። አንቲቫይረስ ማለት ኮምፒውተርሽ ውስጥ ያለውን ሁሉ እንዲያይ ፈቃድ የሰጠሽው ፕሮግራም ነው። ስለዚህ ባለቤቱ ማን ነው ብሎ መጠየቅ ተገቢ ነው። አቫስት የተባለው በዓለም ላይ ብዙ ሰው በነጻ የሚጠቀምበት ነበር። ጃምፕሾት በሚባል ቅርንጫፉ በኩል ተጠቃሚዎቹ የትኛውን ድረ ገጽ እንደጎበኙ የሚያሳይ መረጃ ይሸጥ እንደነበር እ.ኤ.አ. በ2020 መጀመሪያ ጋዜጠኞች አጋለጡ። ቅርንጫፉ ወዲያው ተዘጋ። በ2024 የአሜሪካ ፌዴራል ንግድ ኮሚሽን 16.5 ሚሊዮን ዶላር እንዲከፍልና እንዲህ ያለውን መረጃ ለማስታወቂያ እንዳይሸጥ ወሰነ። ሰላይ እንዲከላከልላቸው የጫኑት ነው፣ ልጄ። በዚያው ዓመት የአሜሪካ መንግሥት የሩሲያውን ካስፐርስኪ በአገሩ እንዳይሸጥ ከለከለ፤ ከሴፕቴምበር 29 በኋላም እዚያ ላሉ ደንበኞቹ አፕዴት እንዳይልክ አደረገ። ክልከላው እኛን አይመለከትም። አሜሪካ ያሉ ዘመዶችሽ ግን የቀድሞውን ይዘው ተቀምጠው ከሆነ ንገሪያቸው፤ አፕዴት የማያገኝ ጠባቂ አይጠብቅም። ደግሞም ኖርተን፣ አቫስት፣ ኤቪጂና አቪራ ዛሬ ሁሉም የአንድ ኩባንያ ናቸው። አራት ስም አይተሽ አራት ምርጫ እንዳይመስልሽ።

ስለ አፕዴት ሳልናገር ባልፍ ያሳዝነኛል። «ዳታዬን ይበላል» ተብሎ አፕዴት ይዘጋል። የዳታን ዋጋ አውቃለሁ፤ የተማሪ ኪስም አውቃለሁ። ግን እ.ኤ.አ. በሜይ 2017 የሆነውን ስሚኝ። ዋናክራይ የሚባል ቆላፊ ወደ 150 በሚሆኑ አገሮች ተሰራጨ። በእንግሊዝ ሆስፒታሎች ኮምፒውተራቸው ተቆልፎ ቀጠሮ ሰረዙ፣ ሕሙማንን ወደ ሌላ ቦታ ላኩ። የገባበትን ቀዳዳ የሚደፍነው አፕዴት ከዚያ ሁለት ወር ገደማ ቀድሞ፣ በማርች 14 ወጥቶ ነበር። በነጻ ነበር። ያልተጫነበት ኮምፒውተር ተጎዳ፤ የተጫነበት ከዚያ ቀዳዳ ተረፈ። የዩኒቨርሲቲው ዋይፋይ ሲገኝ፣ ወይም የሌሊት ጥቅል ስትገዢ፣ ያኔ አፕዴት አድርጊ። ዋይፋዩን ሜትርድ፣ ማለትም ዳታው የሚቆጠር፣ ብለሽ መዝግበሽው ከሆነ ዊንዶውስ ብዙውን አፕዴት ራሱ አያወርድም፤ በሳምንት አንድ ጊዜ አንቺ ገብተሽ አውርጂው። ለዚያ አንድ ቀን ለዪ። እሑድ ማታ ቢሆን ጥሩ ነው።

አሁን ደግሞ ዲፌንደር ያለበትን፣ ዊንዶውስ ሴኩሪቲ የሚለውን፣ ክፈቺና ሦስት ነገር ተመልከቺ። የሪል ታይም ጥበቃው መብራቱን፣ ታምፐር ፕሮቴክሽን መብራቱን። ይኸኛው ሌላ ፕሮግራም ተደብቆ ዲፌንደርን እንዳያጠፋው ይከላከላል። ሦስተኛው ኮንትሮልድ ፎልደር አክሰስ ነው፤ ሲመጣ ጠፍቶ ነው የሚመጣው፣ አንቺ አብሪው። የማይታወቅ ፕሮግራም ዶክዩመንትና ፎቶ ፎልደርሽን እንዳይነካ ያግዳል። አንዳንዴ ጥሩውንም ፕሮግራም ይከለክልብሻል። ያኔ ያንን አንዱን ብቻ ፍቀጂለት እንጂ ሁሉንም አታጥፊው።

ይህን ሁሉ አድርገሽም አንድ ቀን ሊገባብሽ ይችላል። ስለዚህ የምትጽፊው ነገር ሁሉ ሌላ ቦታ ቅጂ ይኑረው። ጉግል ድራይቭ 15 ጊጋባይት በነጻ ይሰጥሻል፤ ለአራት ዓመት የትምህርት ጽሑፍ ይበቃል። ሃርድ ዲስክ ካለሽ ቀድተሽ ስትጨርሺ ንቀዪው። ተሰክቶ ከቆየ ቆላፊው እሱንም አብሮ ይቆልፈዋል። የመመረቂያ ጽሑፉን በአንድ ላፕቶፕ ላይ ብቻ አስቀምጦ በመጨረሻው ወር ያጣ ተማሪ በየዓመቱ አለ። አንቺ ከእነሱ መካከል እንድትሆኚ አልፈልግም፤ እንደማትሆኚም አውቃለሁ።

ገብቶብኛል ብለሽ ከጠረጠርሽ መጀመሪያ ዋይፋዩን አጥፊ። ከዚያ ዲፌንደር ውስጥ ያለውን የኦፍላይን ስካን አስነሺ። ላፕቶፑ ጠፍቶ ይነሣና ዊንዶውስ ሳይከፈት ይፈትሻል፤ ሩብ ሰዓት ያህል ይፈጃል። ከዚያ በኋላ ሁለተኛ ዓይን ከፈለግሽ ዋይፋዩን መልሰሽ አብሪና ማልዌርባይትስ የሚባለውን ማጽጃ ከራሱ ድረ ገጽ አውርደሽ በነጻ ስካን አድርጊበት። የይለፍ ቃሎችሽን ከሌላ መሣሪያ፣ ከስልክሽ፣ ቀይሪ፤ ከኢሜይሉ ጀምሪ። በስልክሽ ቴሌግራም ላይ መሣሪያዎች የሚለውን ክፈቺና ከስልክሽ በቀር ሁሉንም አስወጪ፤ ሁለተኛ የይለፍ ቃልም አድርጊበት። ከዚያ ለሰው ንገሪ። አፍረሽ አትደብቂ፣ አደራ። ብዙ ልጆች «ይቆጡኛል» ብለው ይደብቃሉ፤ በደበቁት ሳምንት ውስጥ ሌባው ከዘመድ ሁሉ ገንዘብ ይለምናል። ቀድመሽ «የእኔ ቴሌግራም ተጠልፏል፣ ምንም እንዳትልኩ» ብለሽ ብትጽፊ ማንም አይጎዳም። ለእኔም በማንኛውም ሰዓት ደውዪ፤ ሌሊትም ቢሆን አነሣለሁ።